ጋቢ ድንጋይ አያሞቅም፦ ቧንቧና የቤት ማሽን በብርድ ወራት እንዳይፈነዱ

አምቦ ውሃ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብሎ ፍሪዘር ውስጥ ከትቶ የረሳ ሰው በየቤቱ አይጠፋም። በማግስቱ ሲከፍት ጠርሙሱ ተሰነጣጥቆ፣ ውሃው ግን በረዶ ሆኖ የጠርሙሱን ቅርጽ እንደያዘ ያገኘዋል። እናት ትቆጣለች፣ ስብርባሪው ይለቀማል፣ ነገሩ በዚያው ይረሳል። ዳላስ፣ ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝቶ ለሚኖር ሰው ግን ያ ጠርሙስ ግድግዳው ውስጥ ነው ያለው። ሲሰነጠቅ ጣሪያ ይረጥባል፣ ወለል ያብጣል፣ ግድግዳ ይሻግታል።

ስለ ቃላት ትንሽ ልበል። ብዙዎቻችን ‹ዊንተር›ን ‹ክረምት› እንለዋለን፤ እኔን ግን አይጥመኝም። ክረምት ለእኛ ዝናብና ጭቃ ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም። ብርዱ የሚጠናው በበጋው፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ስለዚህ እዚህ ‹የብርድ ወራት› እላለሁ። ‹ቧንቧ›ም ሁለት ነገር ነው፤ ውሃው የሚሄድበትን ብረት ወይም ፕላስቲክም፣ የምንከፍት የምንዘጋውንም እንዲሁ እንጠራዋለን። እንዳንምታታ የመጀመሪያውን ቧንቧ፣ ሁለተኛውን መክፈቻ ልበለው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አብዛኛው ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ውሃ ግን የራሱ ጠባይ አለው። እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደ ሌላው ይኮማተርና ከዚያ በታች መልሶ መስፋት ይጀምራል፤ 0 ላይ በረዶ ሲሆን ደግሞ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። አንድ ሊትር የያዘ ዕቃ ሙሉውን ውሃ በረዶ ቢያደርግ ከአንድ የቡና ሲኒ በላይ የሚሆነው ቦታ ያጣል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በረዶው የቧንቧውን ግድግዳ ወደ ጎን ገፍቶ የሚቀደው ይመስለዋል። ቧንቧ ግን እንደ ጠርሙስ አጭርና የታሸገ አይደለም፤ ረጅም ስለሆነ በረዶው ወደ ርዝመቱ የሚያድግበት ቦታ አለው። አደጋው ያለው በረዶው በሚገፋው፣ ገና ውሃ በሆነው ውሃ ላይ ነው። ውሃ የሞላ ሲሪንጅ ያዙና ጫፉን በጣታችሁ ዝጉት፣ ከዚያ ከኋላ ግፉት። ውሃ ተጨምቆ አያንስም፤ ግፊቱ እንዳለ ወደ ዙሪያው ይዞራል። በቧንቧም እንዲሁ ነው። በረዶው የሲሪንጁ መግፊያ፣ የተዘጋው መክፈቻ ደግሞ ጣታችሁ ነው። የቤት ውሃ ግፊት በተለመደው ጊዜ ከ40 እስከ 80 ፒኤስአይ (በአሜሪካ የግፊት መለኪያ) ነው። በበረዶና በተዘጋ መክፈቻ መካከል የታሰረው ውሃ ግን ሺዎችን ሊደርስ ይችላል። ይህን መዳብም፣ መጋጠሚያም አይችለውም።

ከዚህ ሁለት ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ይመጣሉ። አንደኛው፣ ቧንቧው ብዙ ጊዜ የሚቀደደው በረዶው ካለበት ራቅ ብሎ፣ ምናልባትም ሙቅ በሆነው ክፍል ግድግዳ ውስጥ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በተቀደደበት ሰዓት ምንም ላይታይ መቻሉ ነው፤ በረዶው ራሱ ቡሽ ሆኖ ውሃውን ይዞታልና። ጎርፉ የሚመጣው ብርዱ ሲሰበር፣ ፀሐይ ስትወጣና ሰው ‹ተመስገን፣ አለፈ› ሲል ነው። ስለዚህ ከብርድ ማዕበል በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሞቃት ቀን ቤት ውስጥ ጆሮ የሚሰጥበት ቀን ነው።

ጊዜም የራሱን ድርሻ ይይዛል። አንድ ኪሎ ውሃን ከ4 ዲግሪ ወደ 0 ለማውረድ 17 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ማውጣት ይበቃል። 0 የደረሰውን ውሃ ወደ በረዶ ለመለወጥ ግን 334 ኪሎ ጁል ማውጣት ያስፈልጋል፣ ሃያ እጥፍ ገደማ። ውሃ በቀላሉ እጅ አይሰጥም። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል፤ ሌሊት ውርጭ ወርዶ ሣሩ ነጭ ይሆናል፣ በሰሐን የተረሳ ውሃ ስስ በረዶ ያበጃል፣ ረፋድ ላይ ግን ፀሐይዋ ሁሉንም ትመልሰዋለች። ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚቆይ ብርድ ቧንቧውን እስከ ውስጥ ለማርጋት ጊዜ አያገኝም። ዳላስ በፌብሩዋሪ 2021 ያየችው ግን ቀን ከሌት ሳይለቅ ለቀናት የቆየ ብርድ ነበር።

‹ታዲያ ስንት ዲግሪ ሲሆን ልስጋ?› ለሚል፣ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ስለዚሁ ሙከራ አድርገው ነበር። ባልሞቀ ጣሪያ ሥር፣ እንግሊዝኛው አቲክ በሚለው ቦታ ያለ፣ ምንም ያልተሸፈነ ቧንቧ መርጋት የጀመረው የውጪው አየር 20 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ ነው፤ ያ ከዜሮ በታች 7 ሴልሺየስ ነው። ቁጥሩ ግን ነፋስ ሲጨመርበት አይሠራም። በኬብል ወይም በስልክ ሽቦ መግቢያ ቀዳዳ የሚገባ ቀጭን ነፋስ ቧንቧ ላይ ቀጥታ ከነፈሰ ከዚያ በቀለለ ብርድም ይረጋል። ነፋስ ቧንቧን ከአየሩ ሙቀት በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም፤ የሚያደርገው ወደዚያ ቶሎ ማድረስ ነው።

አሁን ሰዎች ሁሌ የሚጠይቁኝን ልንገራችሁ፦ ‹ሚኒሶታ ከቴክሳስ ስንት እጥፍ ይበርዳል፤ ቧንቧ የሚፈነዳው ግን ቴክሳስ ነው። ለምን?› የሚኒሶታ ቤት ለብርድ የተሠራ ነው። ውሃው ወደ ቤት የሚገባው መሬቱ ከሚረጋበት ጥልቀት በታች፣ ከአንድ ሜትር በላይ ተቆፍሮ ነው፤ ሽቅብ የሚወጣውም በሚሞቅ ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ባለው የቤቱ ክፍል፣ ውስጥ ነው። ቧንቧው ሁልጊዜ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። የቴክሳስ ቤት የተሠራው ለሙቀት ነው። ቤዝመንት የለውም፤ ውሃው በአቲክና በውጪ ግድግዳ ይዞራል፣ ውሃ ማሞቂያው ጋራዥ ወይም አቲክ ላይ ይቀመጣል። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 ዳላስ ከዜሮ በታች 19 ሴልሺየስ ገባች። ከአንድ ቀን በፊት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ የግዛቱን የኤሌክትሪክ መረብ የሚያስተዳድረው ኤርኮት መረቡ ጨርሶ እንዳይወድቅ መብራት እንዲቆረጥ አዝዞ ነበር። ከ4 ሚሊዮን ተኩል በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ጨለማ ውስጥ ገቡ። ሙቀት ከሌለ ቤቱ ራሱ ፍሪዘር ይሆናል፤ ቧንቧዎቹም ተከታትለው ፈነዱ። የግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት በዚያ ማዕበል ምክንያት የሞቱትን 246 ብሎ ቆጥሯል።

ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የሚወጣው መመሪያ አንድ ነው። ቧንቧን ለማዳን ወይ ሙቀት ትሰጡታላችሁ፣ ወይ ውሃውን ታወጡለታላችሁ። ሦስተኛ የለም። ሰው የሚገዛው ጥቁር ስፖንጅ መሸፈኛ፣ ኢንሱሌሽን የምንለው፣ ከሁለቱ አንዱንም አያደርግም። እሱ ጋቢ ነው። ጋቢ ሰው የሚያሞቀው ሰውየው ራሱ ሙቀት ስላለው ነው፤ ያንን ይዞ ያቆይለታል። ድንጋይ ላይ ብታለብሱት ድንጋዩ አይሞቅም። ቤቱ ውስጥ ሙቀት እያለ ቧንቧው ቢሸፈን ጥሩ ነው፣ ሰዓታት ይገዛል። ሙቀት ከሌለ ግን መርጋቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ጋቢው የሚለበስበትም አቅጣጫ አለው። አቲክ ውስጥ ገብታችሁ ብታዩ ወለሉ ላይ ሮዝ ወይም ነጭ ጥጥ የመሰለ ኢንሱሌሽን ተነጥፏል። ቧንቧው ከጥጡ በላይ ተጋድሞ ከሆነ ውጪ አድሯል ማለት ነው፤ ከሥሩ የሚመጣውን የቤቱን ሙቀት ጥጡ ከልክሎታል። ጥጡ ከቧንቧው በላይ መሆን አለበት፤ በቧንቧውና በሞቀው ኮርኒስ መካከል ምንም መግባት የለበትም። በዚህ ስሕተት የተበላሸ ቤት አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ተጨማሪ ጥጥ ያስነጠፈው ከቧንቧው ሥር ነበር።

ብርድ ሲተነበይ በዚያች ሌሊት የሚደረገው ብዙ አይደለም። ማእድ ቤት ያለው ሲንክ የውጪ ግድግዳ ላይ ከሆነ የሥሩን ቁም ሣጥን በሮች ክፈቱ፣ የቤቱ አየር ይግባበት (ልጆች ካሉ መጀመሪያ ሳሙናውንና መርዙን አንሡ)። ጋራዡን ዝጉ። ቴርሞስታቱን ቀንም ሌሊትም በአንድ ልክ ተዉት። እዚህ ላይ ወገኖቼን አውቃለሁ፤ ማታ ለሥራ ስንወጣ ሂተር አጥፍተን፣ ማንም የማይተኛበትን ክፍል የሙቀት መውጫ ዘግተን እንሄዳለን። ሌላ ጊዜ ምንም አይደለም፣ እንደውም ብልህነት ነው። ብርዱ በጠናበት ሳምንት ግን ያ የተዘጋ ክፍል ግድግዳ ውስጥ ቧንቧ ካለ የተረፈችው ጥቂት ዶላር ውድ ትሆናለች።

ከዚያ መክፈቻ ማንጠባጠብ ይመጣል። ውሃ ከሚገባበት በጣም የራቀውን መክፈቻ፣ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም፣ የእርሳስ ልብ በምታክል ቀጭን መስመር እንዲወርድ ታደርጋላችሁ። ‹የሚንቀሳቀስ ውሃ አይረጋም› ይባላል፤ በከፊል ልክ ነው፣ ከመሬት ሥር የሚመጣው ውሃ ትንሽ ሙቀት ይዞ ይገባልና። ዋናው ጥቅሙ ግን የሲሪንጁ ጉዳይ ነው፤ ጣታችሁን ከጫፉ አነሣችሁ ማለት ነው። በረዶ ቢሠራ እንኳ የሚገፋው ውሃ መውጫ ስላለው ግፊቱ አይጠራቀምም። ሁሉም ሰው በአንዴ ሲያደርገው ግን የከተማው ግፊት ይወርዳል። ሂውስተን በ2021 ነዋሪዎቿን ለሆስፒታልና ለእሳት አደጋ የሚሆን ውሃ እንዲተርፍ ‹አታንጠባጥቡ› ብላ ለምናለች። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ከተነገረ የሚቀረው ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ዋናውን ቫልቭ ዘግቶ ቧንቧውን ባዶ ማድረግ።

ዋናው ቫልቭ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ዛሬውኑ ፈልጉት። ቤዝመንት ካለ መንገድ በሚያየው ግድግዳ አጠገብ፣ ከሌለ ጋራዥ ውስጥ ወይም ውጪ መሬት ላይ በክዳን በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ዘግታችሁ ክፈቱት፤ ለዓመታት ያልተነካ ቫልቭ በጭንቅ ሰዓት አልዞር ይላል። ባልና ሚስት፣ ከፍ ያሉ ልጆችም ይወቁት። አፓርትመንት የምትኖሩ ቫልቩ በእጃችሁ ላይሆን ስለሚችል የጥገናውን የሌሊት ስልክ ያዙ።

የጓሮ መክፈቻ የራሴን ታሪክ ያስታውሰኛል። ቤቱን ስገዛ ‹ይህ በረዶ የማይደፍረው ዓይነት ነው› ተብሎ ነበር። እውነትም ነው፤ ውጪ የሚታየው እጀታ ብቻ ሆኖ ውሃውን የሚዘጋው ክፍል አንድ ክንድ ያህል ወደ ሙቁ ቤት ገብቶ ነው ያለው፤ ሲዘጋ ከዚያ ወዲህ ያለው ውሃ በራሱ ፈስሶ ያልቃል። እኔ ግን የአትክልት ማጠጫውን ጎማ እንደተገጠመ ትቼው ነበር። ጎማው ውሃውን ከኋላው ያዘው፤ ሊፈስ ያልቻለው ውሃ ግድግዳው ውስጥ ረጋ፣ መዳቡን ሰነጠቀ። ወራቱን ሙሉ ምንም አልታወቀም፤ ቫልቩ ተዘግቶ ስለነበር ስንጥቁ ውሃ አያገኝም። በአፕሪል ለቲማቲም ችግኝ ብዬ ስከፍተው ግማሹ ወደ ችግኙ፣ ግማሹ ወደ ቤዝመንቱ ሄደ። ጎማውን መንቀል ግማሽ ደቂቃ ነው።

ወደ ማሽኖቹ እንምጣ። ከሁሉ የሚያስቀው ጋራዥ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ፍሪጅ ነው። ጋራዥ ያለው ሐበሻ እንጀራ፣ ለበዓል የተገዛ ሥጋ፣ ከአገር ቤት የመጣ በርበሬና ቅቤ የሚያጭቅበት ፍሪጅ እዚያ አለው። ጥር ላይ፣ ውጪው በረዶ ሆኖ፣ ፍሪዘሩን ሲከፍት ሥጋው ለስልሶ ያገኘዋል። ብርድ በዝቶ ፍሪዘር ይቀልጣል? ይቀልጣል። ከላይ ፍሪዘር ከታች ፍሪጅ ያለው ተራ ማሽን አንድ ኮምፕረሰር (የማቀዝቀዣ ሞተር) ብቻ ነው ያለው፤ መቼ እንደሚነሣ የሚወስነውም የታችኛው ክፍል ነው። ያ ክፍል 4 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ጋራዡ ራሱ 3 ዲግሪ ከሆነ ታችኛው ክፍል ‹እኔ ደህና ነኝ› ብሎ ዝም ይላል። ሞተሩ አይነሣም፤ ከዜሮ በታች 18 መሆን ያለበት ፍሪዘርም ቀስ በቀስ ወደ ጋራዡ ሙቀት ይወጣል። መፍትሔው ለጋራዥ ተብሎ የተሠራ ፍሪጅ መግዛት ወይም አምራቹ የሚሸጠው ትንሽ ማሞቂያ ካለ ማስገጠም ነው። ካልሆነ ሥጋውን በእነዚያ ወራት ወደ ቤት ማስገባት። ለመሥሪያነት የተፈቀደው ዝቅተኛ የአየር ሙቀት መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ማንም አያነበውም እንጂ።

ልብስ ማጠቢያ ማሽን አጥቦ ጨምቆ ቢጨርስም ባዶ አይሆንም። ፓምፑ ውስጥ፣ ውሃ በሚያስገባው ቫልቭ ውስጥና በሁለቱ ጎማዎች ውስጥ ውሃ ይቀራል። ማሽኑ ጋራዥ ወይም ባልሞቀ ክፍል ውስጥ ከሆነ ሁለቱንም መክፈቻ ዘግቶ ጎማዎቹን ነቅሎ ማፍሰስ፣ ማሽኑን ለአጭር ጊዜ ማስጨመቅ፣ በፊት በኩል የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከሥር ያለችውን ትንሽ ማጣሪያ ከፍቶ የቀረውን ማውጣት ነው። ረግቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታብሩት፤ በበረዶ የተያዘ ፓምፕ ሲነሣ ክንፉ ይሰበራል። የሳህን ማጠቢያውም ከሥሩ ውሃ ይዞ ነው የሚያድረው፣ ግን ብዙ ጊዜ ሙቅ ቤት ውስጥ ስለሆነ የሚያሳስበው ቤቱ ባዶ ሲሆን ነው።

በርሜል የሚያክለው ውሃ ማሞቂያ ብዙ ሙቀት ስለያዘ ቶሎ አይረጋም። የሚያሳዝነኝ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ በርሜል የሌለው ዘመናዊው ነው። ውስጡ ቀጫጭን መዳብ ነው። አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ውስጡ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያስገቡለታል፤ ማሞቂያው ግን የሚሠራው መብራት ካለ ነው። ብርዱና የመብራት መቋረጡ አብረው ሲመጡ፣ ቴክሳስ እንደሆነው፣ መከላከያው በሚያስፈልግበት ሰዓት ይጠፋል። ውጪ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላችሁ መብራት ሲጠፋ ጋዙንና ውሃውን ዘግቶ ከሥሩ ባሉት መውጫዎች ማፍሰስን ቀድማችሁ ከባለሙያ ተማሩ።

ዘመናዊው ፈርነስ፣ ቤቱን በጋዝ የሚያሞቀው ማሽን፣ በሌላ መንገድ ይበረደዋል። ሙቀቱን አሟጦ ስለሚወስድ ጭሱ ቀዝቅዞ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ውሃው በቀጭን ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ይወጣል። ያ ቧንቧ ወደ ውጪ የሚወጣ ከሆነና ጫፉ ከረጋ ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ማሽኑም ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ለንደን ያሉ ወገኖቻችን ይህን ቤትንም ውሃንም ከሚያሞቀው ኮምቢ ቦይለራቸው ያውቁታል፤ በዲሴምበር 2010 ብርድ ጊዜ በመላው ብሪታንያ እጅግ ብዙ ቦይለር የቆመው በዚህች ቧንቧ ነው። ብዙውን ጊዜ ለብ ያለ ውሃ የቧንቧው ጫፍ ላይ ማፍሰስ ይበቃል፤ የፈላ ውሃ ግን ፕላስቲኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

እስራኤል ያሉት ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለው ዱድ ሸመሽ፣ በፀሐይ የሚሠራው ውሃ ማሞቂያ፣ አላቸው። ኢየሩሳሌም ወይም ጽፋት ላይ በጠራ ሌሊት አየሩ ከዜሮ በላይ እያለ እንኳ የፀሐይ ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሊረጋ ይችላል፤ ሳህኑ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ጠራው ሰማይ ስለሚለቅ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። የደብረ ብርሃን ገበሬ ‹ሰማዩ ጠርቷል፣ ውርጭ ይወርዳል› የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠዋት ተነሥታችሁ መክፈቻው ውሃ ካልሰጠስ? መክፈቻውን ክፍት አድርጋችሁ ተዉት። የረጋውን ቦታ ፈልጉ፤ ቧንቧው ላይ አመዳይ ይታያል ወይም ትንሽ ያብጣል። ማቅለጥ የሚጀመረው ከመክፈቻው በኩል ወደ በረዶው እየተጠጉ ነው፤ ከመሀል ከጀመራችሁ የቀለጠው ውሃ በሁለት በረዶ መካከል ይታሰራል። የፀጉር ማድረቂያ፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ፣ ቀስ ያለ ሙቀት ይበቃል። የእሳት ችቦ አይነካ፤ ቤት ይቃጠላል። እስኪቀልጥ አንድ ሰው ዋናው ቫልቭ አጠገብ ይቁም፤ ቧንቧው ተሰንጥቆ ከሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ቤቱን ለማሞቅ ብሎ ከሰል ወደ ቤት ማስገባት፣ የጋዝ ምድጃ ከፍቶ መተኛት፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና ማስነሣት አይሞከርም። የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ግን ራሱ ጭስም ሽታም የለውም። ሂውስተን ውስጥ በ2021 በዚህ ጋዝ ከሞቱት መካከል የእኛው አገር ሰዎችም አሉበት። በሩን መክፈት አይበቃም፤ ከጋራዡ ወደ ቤት ይገባል። ጄኔሬተር ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ውጪ ይቀመጥ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ውድ አይደለም።

የቀረው አገር ቤት ስንሄድ ነው። ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19፤ ሁለቱን አዲስ አበባ አክብሮ መመለስ የብዙዎቻችን ሕልም ነው፣ ትኬቱም የሚቆረጠው ለዚያ ነው። ያ ጊዜ ግን እዚህ ብርዱ ጣራ የሚነካበት ነው፣ ቤቱም ለሦስት ለአራት ሳምንት ባዶ ነው። በባዶ ቤት ውስጥ የተቀደደ ቧንቧ የሚያቆመው የለም፤ ጃን ሜዳ ታቦት እየሸኛችሁ ሳሎናችሁ ሊዋኝ ይችላል።

ከመውጣታችሁ በፊት ዋናውን ቫልቭ ዝጉ። ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ ቧንቧ ቢቀደድ እንኳ የሚፈሰው ውስጡ የቀረው ብቻ ነው። ቀጥሎ ላይኛውንና ታችኛውን መክፈቻ ሁሉ ከፍታችሁ ውሃው ይውረድ፣ ሽንት ቤቱን ልቀቁ፣ የፍሪጁን በረዶ መሥሪያና የውሃ ማሞቂያውን አጥፉ። የቤቱን ማሞቂያ ግን አታጥፉ፤ 55 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 13 ሴልሺየስ ላይ ተዉት። ሁለቱም መንገድ ይሥራ፣ ውሃም ይውጣ፣ ሙቀትም ይቆይ። ማሞቂያችሁ በራዲያተር የሚዞር ሙቅ ውሃ ወይም በእንፋሎት የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም ቤቱ የእሳት መከላከያ ውሃ መርጫ ካለው፣ ዋናውን ከመዝጋታችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ። ማሞቂያው ሊቆም ይችላል ብላችሁ የምትሰጉ ከሆነ በየሲንኩ ሥር ባለው ጠማማ ቧንቧና በሽንት ቤቱ ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለውን የካራቫን አንቲፍሪዝ (ውሃ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ) አፍስሱ፤ አረንጓዴው የመኪናው መርዝ ነው፣ ቤት ውስጥ አይገባም። ቁልፍ የሚይዝ ጎረቤት ወይም የማኅበር ጓደኛ በሦስት ቀን አንዴ ገብቶ ይይ። ይህ ለኢንሹራንስም ይጠቅማል፤ ብዙ ውሎች ቤቱ ባዶ ሆኖ ሳለ ሙቀቱ ካልተጠበቀ ወይም ውሃው ካልተዘጋ በብርድ የፈነዳ ቧንቧ ጉዳት አንከፍልም ይላሉ። ተከራይ ከሆናችሁ የአከራዩ ኢንሹራንስ የእናንተን ሶፋና ቴሌቪዥን አይሸፍንም።

ስትመለሱ ውሃውን በአንዴ አትልቀቁት። ሻንጣው በር ላይ ይቀመጥ፣ መጀመሪያ ቤቱን ዙሩ፣ ግድግዳና ኮርኒስ ላይ እድፍ ፈልጉ። የበርሜል ውሃ ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ እንዳይበራ፤ ያለ ውሃ የበራ ማሞቂያ ሽቦው ወዲያው ይቃጠላል። አንድ መክፈቻ ክፍት አድርጋችሁ ዋናውን ቫልቭ ሩብ ያህል ብቻ ክፈቱና አዳምጡ። መጀመሪያ አየር ይፏጫል፣ ከዚያ ውሃው እያስነጠሰ ይመጣል። ከሙቁ መክፈቻ ውሃው ሳይቆራረጥ መውረድ ሲጀምር የውሃ ማሞቂያውን አብሩ።